ስፓኒሽ እየተማራችሁ ቲያትር ቤት ለምትገቡ

ማድሪድ በገባሁ በአራተኛው ወር ነው። ግራን ቪያ በሚባለው ትልቁ ጎዳና ካሉት ቲያትር ቤቶች በአንዱ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ተቀምጫለሁ። ታች መድረኩ ላይ ይዘፈናል፣ ይጨፈራል፣ ሰው ይጣላል፣ ይታረቃል። ዙሪያዬ ያለው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ግን የምስቀው ሰው ሲስቅ አይቼ ነው፤ ሁልጊዜ ትንሽ እዘገያለሁ።

ስንወጣ የክፍል ጓደኛዬ «ቴ አስ ኤንቴራዶ?» አለችኝ። ገባሽ ወይ ማለቷ ነው።

«ሲ» አልኳት። አዎ።

ምንም አልገባኝም ነበር። ማታ ክፍሌ ገብቼ፣ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አራት ወር ሙሉ በየቀኑ ተምሬ፣ ግሱን ሁሉ በቃሌ ሸምድጄ፣ አንድ ዘፈን መስማት ካቃተኝ ለምን መጣሁ አልኩ። በነጋታው ከትምህርት ቀረሁ። በማግስቱም ደገምኩት። የመመለሻ ትኬቴን ቀን ለመቀየር ስንት እንደሚያስከፍል ሁሉ አይቻለሁ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ እንዳትሆኑ ብዬ ነው። ሙዚቃዊ ቲያትር ለቋንቋ ተማሪ ትልቅ ስጦታ ነው። እኔ ግን በተሳሳተ በር ገባሁበት፤ ትልቁን ነገር ላጣው ምንም አልቀረኝም ነበር።

የመጀመሪያው ስህተቴ ትርኢቱን እንደ ፈተና ማየቴ ነው። ስፓኒሼ የት እንደደረሰ ልለካበት ፈለግኩ። ስለዚህ ስለ ታሪኩ አንዲት መስመር አላነበብኩም። ቀድሞ ማወቅ ማጭበርበር መሰለኝ። አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል። አጠገቤ የነበሩት ማድሪዶች ሁሉ ታሪኩን አውቀውት ነው የመጡት፤ ዘፈኖቹን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተዋቸዋል። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ባዶ እጇን የመጣችው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሁለተኛው ወንበሩ ነው። ይሄን በደንብ ልንገራችሁ፤ ማንም አይነግራችሁምና። ከጓደኛዬ ጋር ጎን ለጎን እንድንቀመጥ ብዬ 14ኛና 15ኛ ቁጥር ገዛሁ። ስፔን ውስጥ ግን በብዙ ቲያትር ቤቶች ሙሉ ቁጥሮች በአንድ ጎን፣ ጎዶሎዎቹ በሌላው ጎን ናቸው። ሙሉው «ፓሬስ»፣ ጎዶሎው «ኢምፓሬስ» ይባላል። መግቢያ በሩም ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው። ጎን ለጎን መቀመጥ ከፈለጋችሁ 14ና 16 ወይም 13ና 15 ግዙ። እኔና ጓደኛዬ አዳራሹን ለሁለት ከፍለን፣ እሷ በዚያ፣ እኔ በዚህ ጫፍ ተቀመጥን። «ምን አለ?» ብዬ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

ደግሞ ርካሽ ስለሆነ የመጨረሻውን ፎቅ ነው የመረጥኩት። እስፓኞች የላይኛውን ቦታ «ጋዪኔሮ» ይሉታል፤ የዶሮ ቤት ማለት ነው። ለሙዚቃ አፍቃሪ ክፉ ቦታ አይደለም። ለቋንቋ ተማሪ ግን ይከብዳል። በትልልቆቹ የግራን ቪያ ትርኢቶች ድምፁ የሚመጣው ከድምፅ ማጉያ ነው። ከላይ ሆናችሁ አሥራ አምስት ሰው መድረክ ላይ ስታዩ የትኛው እየተናገረ እንደሆነ እንኳ አትለዩም። ከንፈር አታዩም። ፊት አታዩም። የውጭ ቋንቋ ስንሰማ ግማሹን የምንሰማው በዓይናችን እንደሆነ ያን ዕለት ነው የተረዳሁት። ትኬት ስትገዙ «ቪሲቢሊዳድ ሬዱሲዳ» የሚል ካያችሁ ደግሞ እለፉት። ምሰሶ ወይም የሰገነቱ ጠርዝ ይጋርዳችኋል።

አንድ ሌላ ነገር። ማስታወሻ ደብተር ይዤ ገብቼ ነበር። የማላውቀውን ቃል ልጽፍ በስልኬ መብራት ሳበራ፣ የፊት ለፊቷ ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ። አልተናገረችኝም። ግን አንዱን ቃል ስጽፍ አሥር ቃል ያልፈኝ እንደነበር ልብ አላልኩም። ደብተሩን ቤት ተዉት።

ክፍል ውስጥ ግን ሁሉም ነገር ይገባኝ ነበር። ይህ ነው ግራ ያጋባኝ። መምህሬ ስትናገር አንድም ቃል አያመልጠኝም። ቲያትር ቤቱ ውስጥ ግን ሌላ አገር የገባሁ ያህል ሆነብኝ። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ስሄድ መምህሬ ኮሪደር ላይ አገኘችኝና ትርኢቱ እንዴት እንደነበር ጠየቀችኝ። «ሲ፣ ሙይ ቢዬን» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። አልወጣልኝም። ሆዴ ባባ። «ኖ ሜ ኤ ኤንቴራዶ ዴ ናዳ» አልኳት። ምንም አልገባኝም።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ስፔን ውስጥ ከተናገርኳቸው ሁሉ በላይ ጠቅማኛለች። አራት ወር ሙሉ ገበያ ላይም፣ ባንክም፣ አከራዬ ዘንድም «ሲ» ስል ነው የከረምኩት። «አልገባኝም» ማለት ያሳፍረኝ ነበር። «ሲ» ስትሉ ግን ሰውዬው ይቀጥላል፤ እናንተ እዚያው ትቀራላችሁ። ስለዚህ እባካችሁ ይህችን ዓረፍተ ነገር ከሰላምታ ቀጥሎ አጥኗት።

መምህሬ አላባበለችኝም። ወረቀት አወጣችና «ሜ ኤ ኤንቴራዶ» የሚለውን ጻፈችልኝ። ሦስት ቃል ነው። ከዚያ ቶሎ ብላ አነበበችው። የሰማሁት «ሜንቴራዶ» ነው። ሦስቱ «ኤ» አንድ ሆነው ቁጭ አሉ። ስፓኒሽ ውስጥ አንዱ ቃል በአናባቢ አልቆ ቀጣዩ በአናባቢ ሲጀምር ሁለቱ ይዋሃዳሉ። ዘፈን ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ሁለት ሦስት አናባቢ በአንዲት ኖታ ላይ ይጫናሉ። ዓይናችን የለመደው ክፍተት ለጆሮ የለም። ለካ ቃሉን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ የት እንደሚጀምር ነው ያጣሁት።

እኛም እኮ እንዲሁ ነን። «ለእናቴ» ብለን ጽፈን «ለናቴ» እንላለን። «ምን አለ» ብለን «ምናለ» እንላለን። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ እዚህ ጋ እንደሚደናበረው ነው እኔም የተደናበርኩት። ይህን ካወቅኩ በኋላ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ አንድ ሥራ ብቻ ሠራሁ። አንድ የስፓኒሽ ዘፈን ግጥሙን ይዤ እየሰማሁ፣ ቃላቱ የሚጣበቁበት ቦታ ላይ በእርሳስ ቅስት አደርጋለሁ። ትርጉም አልፈልግም፤ ቅስት ብቻ። በሁለት ሳምንት ጆሮዬ ተከፈተ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አማርኛችን የሚያግዘንም ብዙ ቦታ አለ። በዓሉን «ገና» እና «ገና ነው» የምንለውን «ገና» በማጥበቅና በማላላት እንለያለን አይደል? «ፔሮ» ላልቶ «ግን» ነው፤ «ር» ጠንክሮ ሲንቀጠቀጥ «ውሻ» ይሆናል። ሌሎች የክፍል ልጆች ወራት የፈጀባቸውን እኔ በአንድ ቀን ለየሁት። አክብሮቱም እንዲሁ ነው። «ኡስቴድ» ማለት «እርስዎ» ነው፤ ግሱም እንደኛው በሦስተኛ መደብ ይሄዳል። ብቻ እዚያ «አንተ» እና «አንቺ» ቶሎ ይመጣል። መምህሬን ሳምንት ሙሉ በ«ኡስቴድ» ሳናግራት ቆይቼ፣ እሷው ናት «አንቺ በይኝ» ያለችኝ።

ከዚያ ሌላ ምክር ሰጠችኝ። «ረጅምና አዲስ ትርኢት ተዪ። አጭር፣ የቆየ፣ ጽሑፉ እጅሽ የሚገባ ነገር ፈልጊ። ሳርሱዌላ ሂጂ።»

በፊደላቸው በ«ዜድ» ነው የሚጻፈው፤ እኔም «ዛርዙዌላ» እል ነበር። ማድሪድ ውስጥ ግን ምላስ ጥርስ መሀል ገብቶ ነው የሚነገረው። ላቲን አሜሪካ ደግሞ «ስ» ይሉታል። እኔ ለአማርኛ ስለሚቀል ሳርሱዌላ እላለሁ። የስፔን የራሷ ሙዚቃዊ ቲያትር ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከማድሪድ ወጣ ብሎ ባለ የንጉሥ ቤት ነው ስሙን ያገኘው። ሰዎቹ ይናገራሉ፣ ከዚያ ይዘፍናሉ፣ እንደገና ይናገራሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ላይ አንድ ገቢር ብቻ ያላቸው አጫጭሮች መጡ። «ኼኔሮ ቺኮ» ይባላሉ። ሠራተኛው ሕዝብ ለአንዲት ሰዓት ብቻ ከፍሎ ይገባ ነበር። ስለዚህ መድረኩ ላይ ያሉት ነገሥታት አይደሉም። ልብስ ሰፊ፣ ፖሊስ፣ ጎረቤት፣ አክስት ናቸው። ወሬያቸውም የመንገድ ወሬ ነው።

አንዱን ለምሳሌ ልጥቀስ። «ላ ግራን ቪያ» የሚባል ሳርሱዌላ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1886 ታየ። የጎዳናው ሥራ የተጀመረው በ1910 ነው። ከተማው ገና ሊያፈርስና ሊሠራ ሲያስብ፣ ሰዎቹ ቀድመው መድረክ ላይ ዘፈኑበት። መንገዶቹና አደባባዮቹ ራሳቸው ገጸ ባሕርይ ሆነው ይወጣሉ። እኔን ያስለቀሰኝን ጎዳና በዚህ ታሪክ ካወቅኩት በኋላ እንደ ባዳ አላየሁትም።

እኔ የመረጥኩት ግን «ላ ቬርቤና ዴ ላ ፓሎማ»ን ነው። በ1894 በአፖሎ ቲያትር ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው፤ ሙዚቃው የቶማስ ብሬቶን፣ ጽሑፉ የሪካርዶ ዴ ላ ቬጋ። ታሪኩ ቀላል ነው። ኹልያን የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነው፤ ሱሳናን ይወዳል። እሷ ግን በነሐሴው የፓሎማ በዓል ሌሊት ከአንድ ሽማግሌ መድኃኒት ቀማሚ ጋር ልትወጣ ነው። ልጁ በቅናት ያብዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ሦስት ሳምንት ተዘጋጀሁበት። የድሮ ሳርሱዌላዎች ጽሑፍ በስፔን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ክምችት ውስጥ በነፃ ይገኛል። መጀመሪያ ታሪኩን በአጭሩ አነበብኩ። ቀጥሎ ጽሑፉን ሙሉ ልጀምር አልኩና አቃተኝ፤ የ130 ዓመት የሰፈር ቋንቋ ነው። መምህሬ «ሦስት ትዕይንት ብቻ ምረጪ» አለችኝ። ይህ ምክር ወርቅ ነው። ሁሉን ልያዝ ብትሉ ሁሉንም ትለቃላችሁ። የመክፈቻውን፣ የጠቡን፣ የእርቁን ያዝኩ። የቀረውን ለሙዚቃው ተውኩት።

ከጽሑፉ የተማርኩት አንድ ትልቅ ነገር የ«ድ» መጥፋት ነው። መጽሐፍ ላይ «ካንሳዶ» ይላል፤ ደክሞኛል ለማለት። የማድሪድ ሰው «ካንሳኦ» ይላል። «ኡስቴድ»ም «ኡስቴ» ይሆናል። ድሮም እንዲህ ነበር፤ ዛሬም አውቶቡስ ውስጥ እንዲሁ ነው። አንዴ ይህን ካወቃችሁ በኋላ ስንት ቃል እንደሚበራላችሁ! አከራዬ ወጥ ቤት ሆና በስልክ ስታወራ ግማሹን እሰማ ጀመር።

በንግግር የሚቀርቡትን ክፍሎች ከዘፈኖቹ በላይ አጥኑ። በብዙ ትርኢቶች ዘፈኑ ሲዘፈን ግጥሙ ከመድረኩ በላይ በጽሑፍ ይታያል። ንግግሩ ላይ ነው ብቻችሁን የምትቀሩት። ሳቁም ያለው እዚያው ነው።

ትርኢቱን ያየሁበት፣ ራሱም «ሳርሱዌላ» የሚባለው ቲያትር ቤት ኾቬያኖስ በምትባል ጠባብ መንገድ ላይ ነው፤ ከፓርላማው ጀርባ። በ1856 የተከፈተ ነው። ገንዘቤን በዚህ ጊዜ ለቅርብ ቦታ አዋልኩት። መታወቂያዬን ይዤ ትኬት መሸጫው ድረስ በእግሬ ሄድኩ። በእነሱ «ታኪያ» ይባላል። ለወጣቶች ቅናሽ እንዳለ ጠይቁ፤ ደግሞ በአካል መጠየቁ ራሱ ትምህርት ነው። ሰዓቱንም በአፍ አረጋግጡ። 19:30 ማለት በእኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሐሳባችሁ በሁለት አቆጣጠር መካከል ሲመላለስ መሳሳት ቀላል ነው፤ መጋረጃ ከተከፈተ በኋላ የመጣ ሰው ደግሞ ውጭ ሊጠብቅ ይችላል።

የዚያን ዕለት ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። አጠገቤ ነጭ ፀጉር ያላቸው እናት ተቀመጡ። ጥቁር ማራገቢያ ይዘዋል። ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል፤ ቀጭ ቀጭ ይላል። ቦታዬን ላሳልፋቸው ስነሳ «ግራሲያስ፣ ኢኻ» አሉኝ። «ኢኻ» ልጄ ማለት ነው። አገር ቤት ያለሁ መሰለኝ።

መብራቱ ጠፋ። ሙዚቃው ተጀመረ። በሩ ላይ የተቀመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ስለ ሙቀቱና ስለ መድኃኒት እየዘፈኑ ማውራት ጀመሩ። አንዱ መድኃኒት ቀማሚው ነው። የጉሎ ዘይት ዛሬ በእንክብል እንደሚሰጥ፣ መዋጡም እንደማያስቸግር ያስረዳል። ኮስተር ብሎ፣ ጣቱን አንስቶ፣ ትልቅ ሳይንስ እንደሚያስተምር ሰው። ጣቱ ይታየኛል። ከንፈሩ ይታየኛል። ሳቄ አመለጠኝ። ለጥቂት ጊዜ ብቻዬን ነበር የምስቀው፤ አዳራሹ ከኋላዬ ደረሰ።

ሴትዮዋ ማራገቢያቸውን ዘግተው ዞር ብለው አዩኝ። ፈገግ አሉ።

ከዚያ በኋላ የተዘጋጀሁባቸው ትዕይንቶች እንደ ውሃ ፈሰሱልኝ። መሀል ላይ የጠፋኝ ብዙ ነበር። ግን አልደነገጥኩም። ልጁ ቀንቷል፣ ልጅቷ እልህ ይዟታል፣ ሽማግሌው ይዋሻል። ይህን እስካወቅኩ ድረስ አንድ ቃል ቢያመልጠኝ ቀጣዩ ያነሳኛል። በመጀመሪያው ትርኢት ቃሉን ሳባርር ሰዎቹን ረስቻቸው ነበር።

ጭብጨባው አልቆ መብራት ሲበራ ሴትዮዋ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ቴ አስ ኤንቴራኦ፣ ኢኻ?» ገባሽ ወይ፣ ልጄ? በ«ራኦ» ነው ያሉት፤ ያለ «ድ»።

«ካሲ ቶዶ» አልኳቸው። ሁሉም ለማለት ይቻላል። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሴቶቹ ትከሻቸው ላይ የሚደርቡትን ሻሽ የማኒላ የሚሉት ለምንድን ነው? ማኒላ ፊሊፒንስ አይደለም እንዴ?»

ተመልሰው ተቀመጡ። ሐሩ ከቻይና እንደሚመጣ፣ በማኒላ በኩል በመርከብ ተጭኖ ስለሚያልፍ ሰዉ የማኒላ እንዳለው ነገሩኝ። አያታቸው አንድ እንደነበራቸው፣ አበቦቹ በእጅ የተጠለፉ፣ ዘርፉ እስከ ጉልበት የሚደርስ። ዘርፉ ሲወዛወዝ እንዴት እንደነበር በጣቶቻቸው አሳዩኝ። ሰዉ ወጥቶ አልቆ፣ አስተናጋጁ መጥቶ ራስጌያችን ላይ እስኪቆም ድረስ እያሳዩኝ ነበር።